ዋጋ የሚከፈልበት አምልኮ፦ ከቤት ደጃፍ እስከ ቅዳሴ

በጎንደር ስለ መሥዋዕት ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ታላላቅ ሥራዎች ነው። ታላቁ ኢያሱ ያሠሩት ደብረ ብርሃን ሥላሴና እቴጌ ምንትዋብ ያሳነጹት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም በዓይን ስለሚታዩ፣ በቀን ሥራ ወይም በወር ደመወዝ የሚተዳደር ምእመን «ከእኔ ቤት ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ምን ይገኛል?» ብሎ ራሱን ያገልላል። ቅዱስ መጽሐፍ ግን መለኪያውን በብዛት ላይ አላደረገም። ዳዊት በኦርና አውድማ መሠዊያ ሊሠራ በሄደ ጊዜ ባለ አውድማው በሬውንም፣ እንጨቱንም፣ ቦታውንም በነጻ ሊሰጠው ፈቅዶ ነበር፤ ንጉሡ ግን በከንቱ ያገኘውን ለአምላኩ እንደማያቀርብ ተናግሮ አውድማውንና በሬዎቹን በ50 ሰቅል ብር ገዛ። ሁለት ሳንቲም የጣለችው መበለትም ከባለጠጎቹ ሁሉ አብልጣ እንደ ሰጠች የተመሰከረላት ከጉድለቷ ስለ ሰጠች ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባት በፊት አንድ ነገር መለየት አለበት። ኃጢአትን የሚያስተሠርየው መሥዋዕት ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በመስቀል ላይ ያቀረበው ነው፤ የእኛ ጾም፣ ስግደትና አሥራት ምሕረትን የምንገዛበት ገንዘብ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ 12ኛ ምዕራፍ ሰውነታችንን ሕያው መሥዋዕት አድርገን እንድናቀርብ የሚለምነን በእግዚአብሔር ርኅራኄ ነው፤ ርኅራኄው ቀድሟል፣ የእኛ አቅርቦት ይከተላል። ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠበት ሰው ሲጾም ይኮራል፣ ሲጎድልበት ደግሞ ተስፋ ይቆርጣል።

ከዚህ በታች በሚቀርበው በእያንዳንዱ ደረጃ ሁለት ጥያቄዎች ይመላለሳሉ፦ ይህ ነገር ምን ያስከፍለኛል? የሚከፍለውስ ማን ነው? የመጀመሪያው በስብከት ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ሁለተኛው ግን ተዘንግቷል ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም። ባል ለማኅሌት፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን ለሚቆመው የሌሊት ዝማሬ፣ ሲወጣ ሚስት ብቻዋን ሕፃን ስታባብል ታድራለች፤ ነግቶ ተመልሶ ሲተኛ ደግሞ ቤቱን ዝም የምታሰኘው እርሷ ናት፤ ድካሙ የእርሷ፣ ስሙ የእርሱ ይሆናል። ነጋዴ የሠራተኛውን ደመወዝ አዘግይቶ ለሕንፃ ማሠሪያ ቢሰጥ መሥዋዕቱን የከፈለው ሠራተኛው ነው፤ ሐዋርያው ያዕቆብም የተከለከለው የሠራተኛ ደመወዝ እንደሚጮኽና ጩኸቱ ወደ ጌታ ጆሮ እንደ ገባ ጽፏል። እንግዲህ ከራስ ኪስ፣ ከራስ እንቅልፍና ከራስ ክብር የሚወጣውን ለይቶ ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው።

1. ከመባው በፊት እርቅ

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል 5ኛ ምዕራፍ መባውን ይዞ ወደ መሠዊያው የቀረበ ሰው ወንድሙ የሚቀየምበት ነገር እንዳለ ትዝ ቢለው መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዝዟል። ትእዛዙ የተነገረው ለበደለው ሰው ነው፤ ተበዳዩ እስኪመጣ እቤት ተቀምጦ መጠበቅ አልተፈቀደም። በቅዳሴም ጊዜ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» እያለ እርስ በርስ በተቀደሰ ሰላምታ ሰላም እንድንባባል ሲያውጅ፣ ግራና ቀኝ ላለው ሰው ራስን ዝቅ አድርጎ እጅ መንሣት ቀላል ነው፤ ችግሩ ሰላም ልንለው የሚገባን ሰው ብዙ ጊዜ በሌላኛው ዓምድ ሥር መቆሙ ወይም ጨርሶ በዚያ አለመኖሩ ነው።

ይህን ደረጃ በቅዳሜ ማታ ጀምሮ ለእሑድ ማድረስ አይቻልም፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይመድቡለት። በመጀመሪያው ቀን በወረቀት ላይ ይጻፉ፦ ገንዘብ ያለብኝ ለማን ነው? በውርስ የተኳረፍኩት ከየትኛው ወንድሜ ወይም እኅቴ ጋር ነው? በአጥር ወይም በወሰን የተጣላሁት ጎረቤትስ አለ? የቤት ሠራተኛዬ ደመወዝ ተጠናቅቋል? ከዚያ ዕዳውን አስቀድመው ይክፈሉ፤ ባይሞላም የተገኘውን ከፍለው ለቀሪው ቀን ይቁረጡ። ብድሩን ሳይመልስ «ይቅር በለኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው ተበዳዩን ሁለተኛ ያስከፍለዋል።

ገንዘብ የሌለበትን ቅያሜ በስልክ ለመጨረስ አይሞክሩ፤ በእግር ሄደው ደጁን ያንኳኩ። ቃሉ አጭር ይሁን፦ ያደረጉትን በስሙ ጠርተው «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» ማለት ይበቃል። «ግን እርስዎም» የሚል ሐረግ ከገባበት እርቁ ወደ ሙግት ይመለሳል። ነገሩ የከረረ ከሆነ በአገራችን ወግ መሠረት ሽማግሌ ይላካል፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሁለቱንም ወገን ቤት የሚያውቅ ካህን ቢሆን ይመረጣል። ሌላው ሰው እምቢ ካለ እርስዎ ዕዳዎን ተወጥተዋል፤ ነገሩን ለንስሐ አባትዎ ነግረው በሩን ክፍት አድርገው ይቆዩ። ደም ያለበት ወይም ድብደባ የሚያሰጋ ጠብ ከሆነ ግን ብቻዎን አይሂዱ፤ ይህ ገና ከመጀመሪያው የሽማግሌ ሥራ ነው።

2. ከንስሐ አባት ጋር መጠኑን መወሰን

መሥዋዕትን በራስ ግምት የጀመረ ሰው መጨረሻው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ በሁለተኛው ሳምንት ይጥለዋል፣ ወይም ከአቅሙ በታች ወስዶ ራሱን ያታልላል። ስለዚህ ወደ ንስሐ አባት ሲሄዱ ኃጢአትን ብቻ ሳይሆን የኑሮን ሁኔታም ይዘው ይሂዱ፦ በስንት ሰዓት ሥራ እንደሚገቡ፣ የሌሊት ፈረቃ እንዳለብዎት፣ የስኳር ወይም የጨጓራ ሕመም ካለ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ከሆኑ፣ በቤት የሚጦሩ አረጋዊ ካሉ ሳይደብቁ ይናገሩ። ካህኑ ቀኖናውን፣ ማለትም የሚያዝዝልዎትን የጾም፣ የጸሎትና የስግደት መጠን፣ የሚመጥነው በሰማው ልክ ነው። ከሐኪም የታዘዘን መድኃኒት በጾም ወይም በጠበል ስም ማቋረጥ መሥዋዕት አይደለም፤ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይወሰዳሉ።

ንስሐ አባት የሌለው ሰው በአጥቢያው ካህናትን ይጠይቅ። ከሌላ አገር መጥተው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣቶች በግቢ ጉባኤያቸው በኩል ማግኘት ይችላሉ። የተሰጠውን ቀኖና በወረቀት ጽፈው ከጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ያስቀምጡት፤ በቃል የተያዘ ቀኖና በየሳምንቱ ትንሽ በትንሽ ይቀንሳል።

3. የቀኑን መጀመሪያ መስጠት

ቤተ ክርስቲያን ሰባት የጸሎት ጊዜያትን ወስናለች፦ ነግህ፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ሰባቱን በአንድ ጊዜ ለመጀመር የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ አንዱንም አይዘልቅም። ለጀማሪ ነግህና ንዋም ይበቃሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ከጸኑ በኋላ የስድስት ሰዓቱን በሥራ ቦታ በአጭሩ መጨመር ይቻላል።

የነግሁ ጸሎት የሚያስከፍለው እንቅልፍን ነው፤ በታኅሣሥ ብርድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከብርድ ልብስ መውጣት ምን እንደሆነ ጎንደር ያደረ ያውቀዋል። ከተነሡ በኋላ ፊትዎን ታጥበው፣ ነጠላዎን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው ይቁሙ። አማትበው በስመ አብ ካሉ በኋላ አቡነ ዘበሰማያትን፣ ጸሎተ ሃይማኖትን፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያምና ቢያንስ አንድ መዝሙረ ዳዊት ያድርሱ፤ ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ በመሆኑ ምን ላንብብ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ግእዙን የማያውቅ በአማርኛው ይጸልይ፤ ያልገባውን በፍጥነት ከመወጣት የገባውን ቀስ ብሎ ማለት ይሻላል። ስልኩ በሌላ ክፍል ይደር። ማንቂያ ደወል ያስፈልገኛል የሚል ሰው ትንሽ የማንቂያ ሰዓት ይግዛ፤ ስልኩን ለማንቂያ ያነሣ እጅ የሌሊቱን መልእክት ሳያይ አይመለስምና።

4. ጾሙን ከምጽዋት ጋር ማያያዝ

ሰባቱን የዐዋጅ አጽዋማት፣ የዓቢይ ጾምን 55 ቀናትና የረቡዕና የዓርብን ሥርዓት አብዛኛው ምእመን ስለሚያውቅ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። የሚዘነጋው ከጾሙ የተረፈው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነ ተናግሯል፤ ቁርሱን ትቶ ገንዘቡን በኪሱ ያስቀረ ሰው ቆጥቧል እንጂ ገና መሥዋዕት አላቀረበም። አሠራሩ ቀላል ነው። በሥራ ቀን ለቁርስ 60 ብር የሚያወጣ ሰው በጾም ወቅት ይህንኑ 60 ብር በየዕለቱ በአንድ ዕቃ ውስጥ ያኖራል፤ በ5 የሥራ ቀናት 300 ብር ይሆናል፤ ቅዳሜ ወይም እሑድ ሳያሳድር ለተቸገረ ሰው ይሰጣል። ለወሩ መጨረሻ ከተጠራቀመ ሌላ ጉዳይ ይበላዋል።

የጾም ገበታንም ማየት ያስፈልጋል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሱፍ ፍትፍቱና ዓሣ የሚመስል ነገር ሁሉ በአንድ ትሪ ላይ ተደርድሮ ከፍስኩ የበለጠ ወጪና የበለጠ የወጥ ቤት ድካም የሚጠይቅ ከሆነ፣ ጾሙን የጾመችው ከምድጃው ፊት የዋለችው ሴት ናት። አንድ ወጥ ይበቃል። ባልና ልጆች ሽንኩርት ቢከትፉ ደግሞ ጾሙ አይሻርም።

5. መባና አሥራት

በዚህ ደረጃ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል፤ ምክንያቱም እጅ የሚነካው ነገር ልብን ያሳያል። ቃየንና አቤል ሁለቱም አቅርበዋል፤ አቤል ግን ከመንጋው በኩራት፣ ከስቡ አቀረበ። በነቢዩ ሚልክያስ ዘመን ካህናቱ ዕውርና አንካሳ እንስሳ ሲያቀርቡ እግዚአብሔር ለአለቃህ ብትሰጠው ይቀበልሃልን? ብሎ ጠይቋቸዋል። ይህ ጥያቄ ዛሬም ከገበያ ላይ ይሠራል።

ዘቢብ ሲገዙ እፍኝ አንሥተው በብርሃን ይመልከቱ። ፍሬው የተሞላ፣ ያልሻገተ፣ አሸዋና ዘንግ የሌለበት ይሁን፤ በጣት ሲጫኑት ሥጋ ያለው እንጂ እንደ ጠጠር የደረቀ አይሁን። ይህ ዘቢብ ለቅዳሴ የሚቀርበው ኅብስትና ወይን በሚዘጋጅበት ቤት፣ በቤተ ልሔም፣ ታጥቦ፣ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ለቅዱስ ቍርባኑ ይቀርባል፤ ዲያቆኑ በሌሊት በጧፍ ብርሃን ጠጠር ሲለቅም ያደረው ዘቢብ የገዢውን ችኮላ ይመሰክራል። ስንዴውም እንዲሁ ከእንክርዳድና ከአፈር የጠራ፣ ነቀዝ ያላገኘው መሆን አለበት።

ዕጣኑን በተመለከተ የእኛ አካባቢ ሰው ከሌላው ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ የዕጣን ዛፍ በመተማና በቋራ ቆላ ይበቅላልና። በበጋው ወራት ሠራተኞች በዚያ ሙቀት የዛፉን ልጥ በስለት ጫር ያደርጉታል፤ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ በግንዱ ላይ እንደ ዕንባ ሆኖ ይደርቃል፤ ከቀናት በኋላ ይለቀማል፤ ያው ቁስል እንደገና ይታደሳል። ዛፉ ያለ ዕረፍት ከተቆሰለ ይደርቃል። ከዚያ ሴቶች በመጋዘን ተቀምጠው ፍሬውን በመጠንና በቀለም ይለያሉ። እንግዲህ ዕጣን ሲገዙ ነጣ ያለውን፣ ድፍን የሆነውንና ልጥ ያልተቀላቀለበትን ይምረጡ፤ ብናኙን ለቤት ቡና፣ ፍሬውን ለቤተ መቅደስ ማለት ጥሩ ልማድ ነው። ብዙዎቻችን የምናደርገው ግልባጩን ነው።

ጧፍም ሰሙ ንጹሕ ይሁን፤ ፈትሉ ወፍራም ሆኖ ሰሙ ስስ ከሆነ ጭሱ በዝቶ ሥዕሉን ያጠቁራል። በጥንት ሥዕል ለተሞላ እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ላለ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጡት ድርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ የተረፈውን ሥዕል በግዴለሽነት ጭስ ማጥፋት አይገባም። ጧፍ ማብራት ካህናቱ በፈቀዱት ቦታ ብቻ ይሁን።

ከመግዛትዎ በፊት ግን ገበዙን ወይም ዕቃ ቤቱን፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁትን፣ «ምን ጎድሏል?» ብለው ይጠይቁ። ዣንጥላና መጋረጃ ስም ተጽፎበት ስለሚታይ በየከተማው አጥቢያ ተቆልሎ ይገኛል፤ ዘቢብና ዕጣን አጥተው ቅዳሴ የሚታጎልባቸው የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ግን ከከተማው ብዙም ሳይርቁ አሉ። ለእነርሱ አንድ ኪሎ ዘቢብ መላክ ለከተማው አጥቢያ አሥረኛ ዣንጥላ ከመስጠት እጅግ ይበልጣል፤ ይህን የምለው የዣንጥላውን ሰጪ ለመንቀፍ ሳይሆን እንዲጠይቅ ለማሳሰብ ነው።

አሥራቱን ለማስላት ደመወዝተኛ በወሩ መጀመሪያ ከሁሉ አስቀድሞ ከ10 አንዱን ይለያል፤ ደመወዙ 8,000 ብር ከሆነ 800 ብር ማለት ነው። ነጋዴ ከትርፉ፣ ገበሬ ከአውድማው ላይ ያወጣል፤ 20 ኩንታል ጤፍ ያፈሰ የደምቢያ ገበሬ 2 ኩንታል። ከወጪ የተረፈውን እሰጣለሁ ያለ ሰው መቼም አይተርፈውም። ገንዘቡን ለሰበካ ጉባኤው ሰጥተው ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ደረሰኝ መጠየቅ ካህናትን መጠርጠር አይደለም፣ እነርሱንም ከሐሜት ይጠብቃል።

ዝክርንና ተዝካርን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ በብድር ድግስ አይደገስ። ልጆች ከትምህርት ቤት እስኪቀሩ ድረስ የሚከፈል ዕዳ ለሟች ነፍስ አይጠቅምም፤ የሚከፍሉት ልጆቹ ናቸውና። አቅሙ የፈቀደው ሰው ደግሞ በሉቃስ ወንጌል 14ኛ ምዕራፍ እንደ ተጻፈው ብድራት ሊመልሱ የማይችሉትን፣ ድኾችንና አካል ጉዳተኞችን ይጥራ፤ ለእነርሱም ከዳስ ውጭ ሳይሆን ከዳሱ ውስጥ መቀመጫ ይስጥ።

6. በር ላይ ለቆመው

ጎንደር የጉባኤ ቤት ከተማ ናት። በአታ ለማርያም የአቋቋም (በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚቀርበው ዝማሬ) ምስክር ቤት፣ ማለትም መምህራን የሚመረቁበት ጉባኤ ቤት፣ በመሆኗ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሌላውም አገር ልጆች ወደዚህ ይመጣሉ። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ከበር ይቆምና «በእንተ ስማ ለማርያም!» ይላል። አኩፋዳው ቢከፈት የአምስት ቤት ምግብ በአንድ ላይ ተደባልቆ ይታያል፦ ሽሮ ያራሰው እንጀራ፣ የደረቀ ቁራሽ፣ እፍኝ ቆሎ፣ ምናልባትም ከትናንት ወዲያ የሻገተ ጠርዝ። ያንን ሻጋታ ፈግፍጎ በልቶ ሌሊቱን ቃለ እግዚአብሔር ሲያጠና ያድራል።

ስለዚህ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን የምጣድ ማሟሻውን ሳይሆን ከመካከለኛው አንዱን፣ ዓይኑ ያማረውን፣ ለይታችሁ አስቀምጡ። ወጥ ካለ በእንጀራው መካከል ጠቅልሎ መስጠት ይሻላል፤ አኩፋዳው ውስጥ አይፈስበትም። ለመስጠት ውሻውን ያዙለት፣ ከበር ወጥታችሁ በሁለት እጅ አቀብሉት፣ ልጁን አብራችሁ ይዛችሁ ውጡ እንጂ በልጅ እጅ ብቻ አትላኩ። የሚሰጥ ከሌለ «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ፊትን አሳይቶ መመለስ ይገባል፤ በሩን ዘግቶ ዝም ማለት ከረኀቡ ላይ ንቀት መጨመር ነው። ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት በመጨረሻው ምዕራፍ የከንፈርን ምስጋናና ለሌሎች ማካፈልን ጎን ለጎን አድርጎ ሁለቱንም መሥዋዕት ብሏቸዋል፤ በዚህ ደጃፍ ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ ተማሪው የመዝሙሩን ድርሻ ይዟል፣ እኛ የእንጀራውን።

በዚሁ መንፈስ የታመመ ጎረቤትን ሆስፒታል አድሮ ማስታመም፣ አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊት ልብስ ማጠብ፣ ለማይችል ሰው ውኃ ማቅዳት ሁሉ ከዚህ ደረጃ የሚቈጠር ነው።

7. ማኅሌትና ቅዳሴ

የጎንደር አቋቋም ሲባል በመላው አገር የታወቀ ነው። መሪጌቶችና ደባትር መቋሚያቸውን ይዘው በዝማሜ ረጋ ብለው ሲጀምሩ፣ ከዚያ ጸናጽሉና ከበሮው ገብቶ ወረቡ ሲሞቅ፣ ሰዓታት ያልፋሉ፤ እግር ያብጣል፣ ጉልበት ይዝላል፣ ድምፅ ይሰልላል። ሥልጠና የሌለው ምእመን መካፈል የሚችለው በመቆም ነው። በወር አንድ ሌሊት፣ ለምሳሌ የአጥቢያውን ታቦት ወርኃዊ በዓል፣ መርጦ መያዝ ለጀማሪ ልከኛ ነው። በዋዜማው ቀን ከሰዓት በኋላ ትንሽ ይተኙ፤ በቤት ሕፃን ካለ ባልና ሚስት በየወሩ ይፈራረቁ፤ በማግሥቱ ሥራ ላይ እንቅልፍ ከመጣ ማኅሌቱን የከፈለው አሠሪው ወይም ባለ ጉዳዩ ነው፣ ስለዚህ ቀኑን አስቀድመው ያመቻቹ። በጸጥታ ምክንያት በሌሊት መንቀሳቀስ በማይቻልበት ጊዜ በቤት ቆሞ መዝሙረ ዳዊት ማድረስ ይበቃል።

ለቅዳሴ ከኪዳን ጸሎት ጀምሮ መድረስ ይገባል፤ ወንጌል ሲነበብ የሚደርስ ሰው መቀመጫ ያገኘ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ለመቍረብ የተዘጋጀ ሰው 18 ሰዓት ይጾማል፤ ቅዳሴው ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚፈጸም ከሆነ በዋዜማው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ እህልም ውኃም አይቀምስም ማለት ነው። ልብሱ ንጹሕ ይሁን፤ አዲስ መሆን ግን የለበትም። ጫማ አውልቀው ሲገቡ የሌላውን ሰው ጫማ ረግጠው አይለፉ። «እትዉ በሰላም» ተብሎ ሳይሰናበቱ አይውጡ።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ጾም የሚጾም፣ ታቦት የሚያጅብ፣ ለማኅሌት የሚያድር፣ አሥራት የሚከፍል፣ ነገር ግን ለዓመታት ወደ ቍርባን የማይቀርብ ምእመን ብዙ ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ «አልበቃሁም» ይላል፤ ትሕትና ይመስላል። ነገር ግን በዚያ መሠዊያ ላይ የሚቀርበው የእኛ መሥዋዕት ሳይሆን የክርስቶስ ሥጋና ደም ነው፤ ቅዳሴው ሁሉ የሚሄደው ወደዚያ ነው። የእኛን ትንንሽ መሥዋዕት ሁሉ አቅርበን እርሱ ያቀረበልንን አለመቀበል የሥራውን ቅደም ተከተል እንደገና መገልበጥ ነው። መፍትሔው በደረጃ 2 ላይ የተጠቀሰው ካህን ዘንድ አለ፤ ቀን ቆርጣችሁ ሂዱ።

8. በበዓል ቀን የማይታየውን ሥራ መውሰድ

ጥር 10 በከተራ ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ከተማዋ ትሞላለች፤ በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳው ይበልጥ በዝቷል። በዚያ ቀን መታየት ነጻ ነው፤ ዋጋ ያለው አለመታየት ነው። ከታቦቱ ፊት ምንጣፍ የሚያነጥፉ ወጣቶች አሉ፤ ምንጣፉን ማታ አራግፎ የሚጠቀልል ግን ይጠፋል። ከበዓሉ በኋላ የወዳደቀውን የውኃ ፕላስቲክ የሚለቅም፣ የጠፋ ሕፃን ይዞ ወላጅ የሚፈልግ፣ ከገጠር በእግር ለመጡ አረጋውያን ማደሪያና ትኩስ ነገር የሚያዘጋጅ ያስፈልጋል። ከበዓሉ 2 ሳምንት አስቀድመው ወደ አጥቢያዎ ሰንበት ትምህርት ቤት ሄደው «ሰው ያጣችሁለት ሥራ የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁና ያንኑ ይውሰዱ። ጥር 11 ሲነጋ ጠበሉ ከተባረከ በኋላ ወደ ውኃው የሚደረገው ግፊያ ሕፃናትንና ደካሞችን ስለሚጎዳ ብርቱ የሆነ ሰው ለእነርሱ መንገድ ቢከፍት እርሱ ሳይረጭ ቢቀርም አይጎዳም።

9. ቀኖናው ሲቋረጥ

መቋረጡ አይቀርም። በሕመም፣ በኀዘን፣ በመንገድ ወይም በስንፍና የተተወውን ጸሎትና ስግደት በአንድ ቀን እጥፍ አድርገው ለመመለስ አይሞክሩ፤ በማግሥቱ ከነበረበት መጠን ይቀጥሉ። በስንፍና ከሆነ ለንስሐ አባት ይነገራል፤ በሕመም ከሆነ ደግሞ ሕመሙን በትዕግሥት መቀበሉ ራሱ የዚያን ቀን መሥዋዕት ነው። እመጫት ወንድ ልጅ ወልዳ እስከ 40 ቀን፣ ሴት ልጅ ወልዳ እስከ 80 ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ባትገባም ሌሊት ለሌሊት ልጅ ስታጠባ የምትለው አጭር አቡነ ዘበሰማያት ከማንም ጸሎት አያንስም፤ በእነዚህ ቀናት የቤቱን ሥራ ባልየው ይያዝ።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከነነዌ ጾም በፊትና ከፍልሰታ በፊት ባሉት ሳምንታት፣ በወረቀት የያዙትን ቀኖና ይዘው ወደ ካህኑ ተመልሰው የቀለለውን እንዲያከብድልዎት፣ የከበደውን እንዲያቀልልዎት ይጠይቁ። ያገቡ ሰዎች ለዚህ ውይይት ከባለቤታቸው ጋር አብረው ቢሄዱ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም የሚከፍለው ማን ነው የሚለው፣ በዚያው በካህኑ ፊት ይመለሳል።